ቫልቭ ወይስ ትራንዚስተር? ለሙዚቃ ክበባችን የቤዝ አምፕሊፋየር ስለመምረጥ

(በምሩቃን የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ፕሮግራሙ ላይ ስሜን አይታችሁ «እሱ ደግሞ ስለ ምን ሊያወራ ነው?» ያላችሁ እንዳላችሁ ይገባኛል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞቼና እህቶቼ ስለ ትልልቅ ጉዳዮች አውርተዋል። ለእኔ የደረሰኝ ርእስ አምፕሊፋየር ነው። ያውም የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበራችን ለተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ አዋጥቷል። የድራሙ፣ የኪቦርዱና የማይክሮፎኑ ጉዳይ በአንድ ስብሰባ አለቀ። የቤዝ አምፕሊፋየሩ ብቻ ሦስት ስብሰባ በላ። በእኛ ዕድሜ ያለነው «ቫልቭ ይሁን፤ የድሮው ድምፅ እሱ ጋር ነው» አልን። የአሁኖቹ ልጆች ደግሞ «ጋሼ፣ እሱን ማን ይሸከመዋል?» አሉን። ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። በመጨረሻ ኮሚቴው «አንተ ኤሌክትሪካል ተምረሃል፣ ቤዝም ትጫወታለህ፣ በል ንገረን» ብሎ ወደዚህ መድረክ ገፋኝ። ለመናገር ከሚያበቁኝ ነገሮች ሁለቱን ጠቅሰውልኛል። ሦስተኛውን እነሱም አያውቁትም፤ ከመውረዴ በፊት እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ቤዝ ለምን የራሱ አምፕሊፋየር እንደሚያስፈልገው እንይ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። የዚያ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ጆሯችን ደግሞ ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው፤ ከቀጭኑ እኩል እንዲሰማን ብዙ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ለጊታሩ 30 ዋት ከበቃው፣ ከእሱ አጠገብ የቆመው ቤዝ 200 እና 300 ዋት ቢጠይቅ ስግብግብነት አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁን ልጨምር። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ጭማሪው 3 ዴሲቤል ነው፤ ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ የሚታወቅ፣ ለሌላው ግን ብዙም ያልሆነ። ለጆሮ እጥፍ እንዲሆን ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። በ300 እና በ500 ዋት መካከል ላለ ልዩነት ብዙ ገንዘብ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ቫልቩ እንግባ። ወጣቶቹ ቫልቭ አይታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። አያቶቻችሁ ቤት የነበረው፣ ከተከፈተ በኋላ እስኪሞቅ የሚጠበቀው ትልቁ ሬዲዮ ሆዱ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አየሩ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮኖች ይረጫል፤ ከፊት ለፊቱ ያለው ሌላ ብረት ከ400 ቮልት በላይ ተጭኖበት ይስባቸዋል። በመካከላቸው እንደ ወንፊት የቆመች ሽቦ አለች። ከጊታሩ የሚመጣው ትንሽ ምልክት ያቺን ወንፊት ሲከፍትና ሲዘጋ ትልቁን ጅረት ያዝዛል። ይኸው ነው። ግን ቫልቩ የሚሰጠው ከፍተኛ ቮልቴጅና ትንሽ ጅረት ሲሆን፣ ስፒከሩ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ በመካከላቸው አስታራቂ ያስፈልጋል፤ እሱም የአውትፑት ትራንስፎርመር ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ሰው ለምን ይወደዋል? ቫልቭ አቅሙ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ አያልቅም። የሞገዱን ጫፍ ቀስ እያለ ያለሰልሰዋል፤ ጠንከር ብላችሁ ስትመቱት ትንሽ ጎንበስ ይልና ይነሣል። ያን ጊዜ በዋናው ድምፅ ላይ ለጆሮ የሚስማሙ ተጨማሪ ድምፆች ይወልዳል፤ ቤዙ ይወፍራል፣ ትንሽም ያጉረመርማል። ጣታችሁን የሚሰማ፣ የሚመልስ ነገር ከኋላችሁ የቆመ ይመስላችኋል። ይህን አንዴ የቀመሰ ሰው አይረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም።

የዚህ ዓይነቱ ንጉሥ አምፔግ ኤስቪቲ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 300 ዋት፣ 14 ቫልቭ የሚይዝ። የላይኛው ክፍል ብቻውን 38 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስምንት ስፒከር ያለው ሳጥኑ ደግሞ ከ60 ኪሎ በላይ ነው። አሜሪካ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻ ምግብ ቤት ልንጫወት ስንሄድ፣ ሊፍት ከሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እናወርደው ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሰን ስናወጣው ስለ ድምፁ ማማር የሚያወራ አልነበረም።

ትራንዚስተር በ1947 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ተፈለሰፈ። አይግልም፣ መስታወት የለውም፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይበቃዋል፤ የአውትፑት ትራንስፎርመርም በአብዛኛው አያስፈልገውም። እስከ ወሰኑ ድረስ የሰጣችሁትን ያንኑ አጉልቶ ይመልሳል። ወሰኑ ላይ ሲደርስ ግን የሞገዱን ጫፍ በመቀስ እንደ ቆረጡት ያደርገዋል፤ ድምፁም ይሻክራል። ስለዚህ ባለ ትራንዚስተሩ ተጫዋች ወሰኑ ላይ ላለመድረስ ይጠነቀቃል፤ ባለ ቫልቩ ግን ወሰኑ ላይ ሆኖ ይደሰታል። «የቫልቭ ዋት ይበልጣል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ዋት ዋት ነው። ልዩነቱ የቫልቩን መቶ ዋት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ስለምንጠጣት፣ የትራንዚስተሩን መቶ ዋት ግን ሩቡንም ሳንጠቀም ስለምንፈራ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ትራንዚስተር ስትገዙ ዋቱን በርከት አድርጉት።

«ትራንዚስተር ነፍስ የለውም» የሚሉ አሉ። ለእነሱ ጃኮ ፓስቶሪየስን እጠራለሁ። ፍሬት በሌለው ቤዝ ዓለምን ያስደመመው ሰው ከኋላው የነበረው አኩስቲክ 360 የተባለ፣ 200 ዋት፣ ሙሉ በሙሉ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ነው። ሌላም ምሳሌ አለ። የሞታውን ዘፈኖች ላይ የምንሰማውን የጄምስ ጄመርሰንን ሞቅ ያለ ቤዝ «ይሄ የቫልቭ አምፕሊፋየር ድምፅ ነው» እያልን ስንመሰክር ኖረናል። በእርግጥ መድረክ ላይ ባለ ቫልቭ አምፔግ ነበረው። በሞታውን ስቱዲዮ ግን ቤዙ በአብዛኛው ያለ አምፕሊፋየር፣ በቀጥታ ወደ መቅጃው ጠረጴዛ ነበር የሚገባው። እርግጥ ጠረጴዛውና የቴፕ መቅረጫው ራሳቸው በጊዜው የነበሩትን ዕቃዎች የያዙ ናቸው። ያን የመሰለ ቤዝ የሠሩት ግን በመጀመሪያ ጣቱና ያረጁት ክሮቹ ናቸው።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ጆሮዬ የተከፈተው በዋሊያስና በሮሃ ባንድ ካሴቶች ነው። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ እየሰማሁ ነው «ይህን መሣሪያ ካልተጫወትኩ» ያልኩት። ግን የሰማሁት አምፕሊፋየሩን ብቻ ነው? የስቱዲዮውን ቴፕ ሰምቻለሁ፤ ከቅጂ የተቀዳውን ካሴት ሰምቻለሁ፤ ባትሪው እየደከመ የሄደውን ቴፓችንን ሰምቻለሁ። ከሁሉም በላይ ጆቫኒን ሰምቻለሁ። «የድሮው ድምፅ» ስንል የምንናፍቀው የትኛውን እንደሆነ ሳንለይ የድሮ ዕቃ ብንገዛ ድሮ ተመልሶ አይመጣም።

አሁን ሦስተኛዬን ልንገራችሁ።

1980 ዓ.ም.። ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ክበባችን አንድ አሜሪካ የተሠራ የቫልቭ አምፕሊፋየር ነበረው፤ አናቱ ለብቻ፣ የስፒከር ሳጥኑ ለብቻ፣ በመካከላቸው ገመድ። በ110 ቮልት ስለሚሠራ ከ220 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም አብሮት ይጓዛል። የሚንከባከቡት የኤሌክትሮኒክስ ላብ ቴክኒሻን ነበሩ። በዚያን ጊዜ የነበራችሁ ስማቸውን ሳልጠራ ታውቋቸዋላችሁ፤ እኛ ጋሼ ብቻ ነበር የምንላቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «መጀመሪያ ስፒከሩን፣ ከዚያ መብራቱን።» ይህን ሳያስደግሙን ቁልፉን አይሰጡንም ነበር።

ለምርቃት ምሽት እየተለማመድን ሳለ አንድ ማታ ብቻዬን ልለማመድ ፈለግሁና፣ ሳልጠይቃቸው ቁልፉን ከመሳቢያቸው ወሰድኩ። ሳጥኑን ወደ ጥግ ስጎትተው ገመዱ ከኋላ እንደ ወጣ አላየሁም። አበራሁት፤ ቫልቮቹ ቀሉ። መታሁ፤ ድምፅ የለም። ቮሊዩሙን ጨመርኩ፤ የለም። እስከ መጨረሻው ጨመርኩና በኃይል መታሁት። ከውስጥ «ጠሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

የሆነው ይህ ነው። የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ጉልበቱን የሚያወርድበት ስፒከር ሲያጣ፣ ቮልቴጁ ወደ ራሱ ይመለስና ከተሠራበት በላይ ይወጣል። በሽቦዎቹ መካከል ያለውን መከለያ በስቶ ያቃጥለዋል። አብዛኛው የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ቢበራ ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል። ቫልቭ ግን አይጠብቅም።

አጠፋሁት። ጨርቁን አለበስኩት። ቁልፉን መሳቢያው ውስጥ መለስኩ። በማግሥቱ አልሠራም ሲባል «ማታ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር» ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሁሉም አመነኝ። ንብረቱ በጋሼ ስም ስለነበር በጥንቃቄ ጉድለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። ፈርመው ተቀበሉ። እኔ ተመረቅሁ። በሥራም በስደትም ብዙ ዓመት አለፈ፤ «ዘንድሮ ስመጣ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ስከርም ማረፋቸውን ሰማሁ።

ያለፈው ሳምንት፣ ለዚህ ንግግር ልዘጋጅ ብዬ ከክበቡ ልጆች ጋር መጋዘን ገባሁ። አምፕሊፋየሩ አለ! ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ፣ ጨርቁ እንደ ለበሰ። እጀታው ላይ በመዳብ ሽቦ የታሰረ የካርቶን ቁራጭ ተንጠልጥሏል። የጋሼ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «የአውትፑት ትራንስፎርመር ተቃጥሏል። ያለ ስፒከር ተሠርቶበታል። ቀሪው ደኅና ነው።»

ያለ ስፒከር ተሠርቶበታል። ከፍተው አይተውታል ማለት ነው። የመብራት መዋዠቅ ፊውዙን ወይም የመብራት መግቢያውን ትራንስፎርመር ነው የሚመታው፤ አውትፑቱን ለይቶ አይመታም። ይህን እሳቸው ያስተማሩኝ ናቸው። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ የምናውቅ ደግሞ ሦስት ልጆች ነበርን፤ ቤዝ የሚጫወተው አንድ ነው። ደብዳቤውን የፈረሙት እያወቁ ነው። ልጆቹ ፊት ምን እንደምል ጠፍቶኝ ካርቶኑን ይዤ ቆምኩ። ዛሬ እናንተ ፊት እላለሁ፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በሳቸው ፋይል ውስጥ ያ ደብዳቤ ዛሬም ካለ፣ ይህ ንግግር በመጽሔታችን ታትሞ ከጎኑ እንዲቀመጥ የሚመለከታቸውን እጠይቃለሁ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ኮሚቴው አራት ጥያቄዎች እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ማን ይሸከመዋል? ክበቡ መኪና የለውም። ከመጋዘን ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ሜዳ በእጅ ነው። የዛሬዎቹ ክላስ ዲ የሚባሉት የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች 500 ዋት ሰጥተው ክብደታቸው 3 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። በደብተር ቦርሳ ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ ምን ዓይነት መብራት ይጠብቀዋል? የእኛን መብራት ታውቁታላችሁ፤ ጄኔሬተሩንም ታውቁታላችሁ። ቮልቴጅ ሲወርድ ቫልቭ ይቀዘቅዛል፣ ሲወጣ ዕድሜው ያጥራል። ብዙዎቹ አዲስ አምፕሊፋየሮች ግን ሰፊ የቮልቴጅ ልዩነት እንዲችሉ ሆነው ተሠርተዋል፤ ስትገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሳሳ ማለት ሙቀት የማንሣት አቅሙ ቀነሰ ማለት ነው። የሚግል ዕቃ እዚህ ይበልጥ ይግላል፤ የየትኛውንም አምፕሊፋየር የአየር መግቢያ በጨርቅ አትሸፍኑ።

ሦስተኛ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? እዚህ ላይ ለቫልቩ ጠበቃ ልቁም። ቫልቭ ያልቃል፤ ሲያልቅ ግን በእጅ ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል። ወረዳው ሰፊ ነው፣ በዓይን ይታያል፣ በብየዳ ይደረስበታል። ክላስ ዲ ሰሌዳው ላይ ያሉት ክፍሎች ግን ከጤፍ ብዙም አይበልጡም፤ ሲቃጠል ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው ሙሉ ሰሌዳው ነው። በሌላ በኩል የቫልቭ ምትክ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የኃይል ቫልቮቹ ተመሳሳይ ሆነው መገዛትና በባለሙያ መስተካከል አለባቸው። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ የሚቀረው ቮልቴጅ ሰው ይገድላል። በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪ የሚረከበው ዕቃ ይቅር የሚል መሆን አለበት።

አራተኛ፣ አዳራሹ ውስጥ ድምፁ የሚመጣው ከየት ነው? ዛሬ በትልቅ አዳራሽ ተመልካቹ የሚሰማው ከሳውንድ ሲስተሙ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ገመድ ወጥቶ ሚክሰር ይገባል። ከተጫዋቹ ኋላ ያለው ሳጥን በዋናነት ለራሱና ለጓደኞቹ ነው።

ስለዚህ የእኔ ድምፅ ይኸውላችሁ። ለክበቡ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይገዛ፤ 500 ዋት ይበቃል። የሚተርፈው ገንዘብ ባለ አራት ስፒከር ጥሩ ሳጥን ላይ ይዋል፤ ድምፅ ላይ ከቫልቭና ከትራንዚስተር የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ሳጥኑ ነውና። ስታቢላይዘርና ሁለት ትክክለኛ የስፒከር ገመድ ይታከልበት፤ የጊታር ገመድ ቀጭን ስለሆነ ለስፒከር አይሆንም። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች አንድ ላይ ሲሰኩ 4 ኦም እንደሚሆኑ፣ አምፕሊፋየሩም ከተጻፈበት ኦም በታች መውረድ እንደሌለበት በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። ይህን የምለው ቫልቭ እየወደድኩ ነው። ስቱዲዮ ያለው፣ ወይም መኪናና ቴክኒሻን ያለው ተጫዋች ቢጠይቀኝ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

አሮጌውስ? እሱን እኔ እወስደዋለሁ፤ ማለቴ ወጪውን። ለድሮ የአሜሪካ አምፕሊፋየሮች የሚሆን አዲስ የአውትፑት ትራንስፎርመር ዛሬም ይሠራል፤ አዝዣለሁ። መምህሮቻችን ከፈቀዱ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በላብ፣ በመምህር ቁጥጥር ሥር ከፍተው እንዲቀይሩት እፈልጋለሁ። ጋሼ «ቀሪው ደኅና ነው» ብለዋል፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ሲያልቅ ላብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቫልቭ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ይይበት፣ ቤዝ ይዞ የሚመጣም ይስማው። የካርቶኑ ቁራጭ ግን ከእጀታው አይፈታ።

እና እናንተ የክበቡ ልጆች፣ አዲሱንም አሮጌውንም ስትረከቡ የጋሼን ሕግ ያዙ፤ መጀመሪያ ስፒከሩን፣ ከዚያ መብራቱን። ድምፅ አልወጣ ካለ ቮሊዩም ከመጨመራችሁ በፊት አጥፉትና ገመዱን እዩ። ብታቃጥሉትም ያንኑ ቀን ተናገሩ። ዕቃ ይተካል፤ እኔ የዘገየሁበትን ግን ለመተካት ሞክሬ ይኸው ዛሬ ማታ የምነግረው ሰው አጥቼ ለእናንተ ነገርኳችሁ።